ለተሳሳተ ግምት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርብ ጊዜ ዕትሞቻችሁ ስለ አሜሪካ ፖለቲካ የወጡትን ጽሑፎችና የአንባቢያንን አስተያየቶች በጥሞና ተከታትያለሁ። በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ አሳብ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ይኸውም ጥቁር አሜሪካውያን በሕግ ፊት እኩል ከሆኑ ስድሳ ዓመት ስላለፋቸው፣ ከእኛ አገር ባዶ እጁን የሄደ ስደተኛም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቤትና መኪና ሲገዛ ስለሚታይ፣ የእነርሱ ወደ ኋላ መቅረት ከራሳቸው ስንፍና በቀር ሌላ ምክንያት የለውም የሚል ነው። ይህንኑ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ባሉት ቡና ቤቶችም፣ ለጥምቀት በዓል ከዋሽንግተን ከሚመጡት ወገኖቻችንም አንደበት ደጋግሜ እሰማዋለሁ። አሳቡ ፍጹም ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምንም ለማስረዳት የሚረዳኝ፣ በጋዜጣችሁ ላይ ብዙ ጊዜ የማይወሳ የሥራ ልምድ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በአሜሪካ በኖርሁባቸው ዓመታት መጀመሪያ ከመኪና ማቆሚያ ሥራዬ ጎን ለጎን፣ በኋላም እንደ ዋና መተዳደሪያ፣ በሜሪላንድ ግዛት በሚገኙ ሕጋዊ የቁማር ቤቶች ውስጥ ፖከር እጫወት ነበር። ቁማር የሚለው ስም በአገራችን የሚያስነሣውን ስሜት አውቃለሁ፤ በየሰፈሩ በተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ደጅ ቆመው የሚውሉትን የከተማችንን ወጣቶች ሳይ ልቤ ስለሚያዝንም ማንም ይህን መንገድ እንዲከተል አልመክርም። ሆኖም ፖከር ከውርርድ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በፖከር ተጫዋቹ የሚገጥመው ቤቱን አይደለም፤ ቤቱ ከየጨዋታው መጠነኛ ድርሻ ይቆርጣል እንጂ ገንዘቡ የሚሄደው ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፣ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ደረጃ በደረጃ መሐል ላይ ይገለጣሉ፣ በየደረጃውም ተጫዋቾች ገንዘብ ይመድባሉ። የሰውየውን ካርታ ስለማታየው፣ የምታየው ሰውየውን ራሱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጨዋታው ዋና ሥራ ሰውን መገመት ነው።

ካርታው ከመታደሉ በፊት በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ይገማመታል። ሽማግሌ ነጭ ከሆነ ጠንቃቃ ነው፣ ጥሩ ካርታ ሳይዝ ገንዘብ አይገፋም ይባላል፤ ወጣት እስያዊ ከሆነ ደፋር ነው ይባላል፤ ጥቁር ከሆነ ደግሞ እጁ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ሌላው ፈርቶ ከጨዋታው እንዲወጣ ገንዘብ እየገፋ ያስፈራራል ይባላል። ይህን የሚል ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ሲያዩኝ ቦታ የሚለቁልኝ፣ ሳል ሲይዘኝ መድኃኒት የሚጠይቁልኝ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ ለእነርሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነበርሁ። አነጋገሬን ሲሰሙ ከየት እንደመጣሁ ይጠይቁኛል፤ ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው ይፈታል፣ ስለ ቡናችንና ስለ ሯጮቻችን ያነሣሉ፣ ከዚያ በኋላም ገንዘብ ስገፋ በጥንቃቄ ያዩኛል። ሳልናገር በቆየሁባቸው ምሽቶች ግን ጠንካራ ካርታ ይዤ ስመድብ አያምኑኝም ነበር፤ ያስፈራራል ብለው የመደብሁትን ያህል መድበው ይከተሉኛል፣ ካርታው ሲገለጥም ገንዘቡ ወደ እኔ ይመጣል። የተቀመጥሁት እኔው ነኝ፣ የያዝሁትም ያንኑ ካርታ ነው፤ የተለወጠው ስለ እኔ የያዙት ግምት ብቻ ነበር።

ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ያለኝን አመለካከት የቀረጸው ይህ ልምድ ነው። በፖከር ጠረጴዛ ላይ ሰውን በቆዳው የሚገምት ተጫዋች የስሕተቱን ዋጋ ከራሱ ኪስ፣ በዚያው ምሽት ይከፍላል፤ ደጋግሞ ሲከፍልም ወይ ይማራል፣ ወይ ገንዘቡን ጨርሶ ይነሣል። ከጠረጴዛው ስነሣና ወደ ከተማው ስወጣ ያገኘሁት ሥርዓት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፖሊሱ፣ የባንክ ባለሙያው፣ ቀጣሪው፣ ቤት አከራዩ፣ ሁሉም እንደ ፖከር ተጫዋች ሰውን በፍጥነት መገመት ይኖርባቸዋል፤ ሲሳሳቱ ግን ዋጋውን የሚከፍለው የተገመተው ሰው ነው፤ የገመተው በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል። ስሕተት የማያስከፍለው ሰው ደግሞ ግምቱን የሚያርምበት ምክንያት አያገኝም። በአሜሪካ የዘር ጉዳይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ሰዎቹ ከሌላው ዓለም ሰው ይልቅ ክፉዎች ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም፤ የተሳሳተ ግምት ዕዳው በተገመተው ሰው ላይ እንዲወድቅ ሆኖ የተሠራ ሥርዓት ስላለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ዮርክ ከተማ አማዱ ዲያሎ የተባለ ከጊኒ የመጣ ወጣት ስደተኛ በመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ አራት የሲቪል ልብስ የለበሱ ፖሊሶች ተጠራጠሩት። ከኪሱ የገንዘብ ቦርሳውን ሲያወጣ የጦር መሣሪያ መሰላቸውና 41 ጥይት ተኮሱበት። በተከታዩ ዓመት አራቱም በፍርድ ቤት ነጻ ተባሉ። ስደተኛ መሆኑ፣ ሠርቶ አዳሪ መሆኑ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው መሆኑ በዚያች ቅጽበት የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1988 የእኛው ወገን ሙሉጌታ ሥራው በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ መንገድ ላይ በነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍርድ ቤት ገዳዮቹን አነሣሥቷል የተባለው ቡድንና መሪው ቶም ሜትዝገርን ጨምሮ ተጠያቂዎቹ ለቤተሰቡ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ፤ የተሳሳተ ጥላቻ ባለቤቱን ያስከፈለበት፣ ብዙ ጊዜ የማይታይ ፍርድ ነበር። በዋሽንግተን የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን «እኛ እንደ እነርሱ ጥቁር አይደለንም» ሲሉ ስሰማ የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ የሙሉጌታ ገዳዮች የታሪክ መጽሐፍ ገልጠው ነበርን?

ወደ ጎንደር ልመለስና፣ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ማስታወስ እፈልጋለሁ። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃና በሌሎችም የአካባቢያችን መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለዘመናት ርስት የመውረስ መብት ተነፍገው ኖረዋል። ርስት የሌለው ሰው ወይ በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ ያርሳል፣ ወይ በእጁ ሥራ ያድራል፤ እነርሱም ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ። አባቶቻችን እነርሱ በሠሩት ማረሻ አርሰው፣ እነርሱ በሠሩት ማሰሮ አብስለው እየበሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያሉ ልጆቻቸውን ከዓይናቸው ይሰውሩ ነበር። መሬት ከለከልናቸው፤ መሬት ስለሌላቸው ወደ እጅ ሥራ ገቡ፤ በእጅ ሥራቸው ደግሞ ናቅናቸው። ግምቱ የእኛ፣ ክፍያው የእነርሱ ነበር። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ እየተጣለ እንደነበር ሲታወቅ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ጮኹ። በጎንደር በሃይማኖታቸው፣ በዚያ ደግሞ በቆዳቸው ተገመቱ። ይህን የሚያውቅ የጎንደር ሰው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ስንፍና ሲናገር ስሰማ በጣም ይከብደኛል።

አሁን በአንባቢያን አስተያየቶች ላይ ወደ ቀረበው ዋና ክርክር ልምጣ፤ ይኸውም ሕጉ እኩል ከሆነ ውጤቱ ለምን እኩል አልሆነም የሚለው ነው። ፖከር ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ አለው። አዳዩ ካርታውን በውዞ ሲያድል ለማንም አያዳላም፤ በዚህ በኩል ጨዋታው ፍጹም እኩል ነው። በተጫዋቾቹ ፊት የተቀመጠው ገንዘብ ግን እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠውን ጥንድ፣ ሁለት አስ፣ የያዘ ሰው ቀጥሎ ያለውን ጥንድ፣ ሁለት ንጉሥ፣ ከያዘ ሰው ጋር ገንዘቡን ሁሉ ይዞ ቢገጥም ከመቶ ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋል፣ 18 ያህሉን ይሸነፋል። ፊቱ ብዙ ገንዘብ ያለው ተጫዋች ከ18ቱ አንዱ ቢደርስበት የተወሰነ ገንዘብ አጥቶ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ ጥቂት ገንዘብ ያለው ግን ያንኑ ትክክለኛ ውሳኔ ወስኖ፣ ያንኑ ካርታ ይዞ፣ ከጠረጴዛው ይነሣል። በተጨማሪም ካርታው ቢያምርም ባያምርም በየተራው በግዴታ የሚመደብ ገንዘብ አለ። ባለ ብዙ ገንዘቡ ይህ ክፍያ ስለማይሰማው ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ባለ ጥቂት ገንዘቡ ግን በጠበቀ ቁጥር ያለው እያለቀበት ስለሚሄድ በደካማ ካርታ ሁሉን ነገር ለመመደብ ይገደዳል። ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ብልህና ታጋሽ፣ ሁለተኛውን ግዴለሽ ይለዋል። ሁለቱንም ሆኜ ስለተጫወትሁ፣ በሁለቱም ጊዜ ያው ሰው እንደነበርሁ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ ነገር ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲወገድ ነጻ የወጣው ሕዝብ ፊት የተቀመጠ ምንም ገንዘብ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን በደቡብ የባሕር ዳርቻ ለሚገኙ ነጻ የወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር (16 ሄክታር ያህል) መሬት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች እንዲመለስ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1896፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችን በዓድዋ ድል ካደረጉ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌሲ የተባለ ጥቁር ሰው ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ውስጥ በመቀመጡ በተነሣው ክርክር፣ ዘርን ለይቶ ማስቀመጥ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ሲል ፈረደ። የጥቁር ሕዝብ ስም በዓለም ላይ ከፍ ባለበት በዚያ ዓመት፣ በአሜሪካ ያሉት ወንድሞቻችን ለሚቀጥሉት ሃምሳ ስምንት ዓመታት በሕግ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነባቸው፤ ፍርዱ በትምህርት ቤቶች ረገድ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው።

ከሁሉ ይልቅ አንባቢያን እንዲያውቁት የምፈልገው ግን የቤት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በአሜሪካ ተራው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት በአብዛኛው ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፌዴራሉ መንግሥት ተቋማት የከተሞችን ካርታ ሲያዘጋጁ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ለብድር አደገኛ ናቸው ብለው በቀይ ቀለም ለዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የቤቶች አስተዳደርም ለነጭ ቤት ገዢዎች ብድር ዋስትና እየሰጠ፣ በጥቁሮች ሰፈር ያለውን ቤት ግን አልዋስም ይል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት አዳዲስ የከተማ ዳርቻ መንደሮች በብዙዎቹ ጥቁር ሰው መግዛት አይችልም ነበር፤ ከግንባር የተመለሰ ወታደርም ቢሆን። የቤት መድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ሙሉ ትውልድ ነጭ ሠራተኛ ቤቱን ገዝቶ፣ የቤቱ ዋጋ አድጎለት፣ ልጁን ኮሌጅ ልኮበት ነበር። እንደ አሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን የመካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ 44,900 ዶላር ነበር። ከስድስት እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ነው። ሕጉ ካርታውን እኩል ማደል ከጀመረ በኋላም በተጫዋቾቹ ፊት የተቀመጠው ገንዘብ ይህ ነው፤ የወለቃ ሰዎች ርስት ማጣት ያስከተለውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የእኛ ስደተኛ በጥቂት ዓመታት ቤት ይገዛል የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ከታች ተነሥተው በትጋታቸው ለትልቅ ደረጃ የደረሱ የጎንደር ልጆችን ራሴ አውቃለሁ፣ እኮራባቸዋለሁም። ነገር ግን ወንበሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1924 በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር፤ ሕጉ የተሠራው ከሰሜንና ከምዕራብ አውሮፓ የሚመጣውን ለመምረጥ ነው። ይህ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ እርሱም ጥቁር አሜሪካውያን በአላባማ ግዛት በሴልማ ድልድይ ላይ ለመምረጥ መብት ተሰልፈው ደማቸውን አፍስሰው ያስገኙት የመራጮች መብት ሕግ ከተፈረመ ሁለት ወር በኋላ የመጣ ነው። ሰውን በዘሩ መለየት በአገር ውስጥ አሳፋሪ በሆነበት ጊዜ በድንበር ላይም አሳፋሪ ሆነ። የዲቪ ዕድል የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ ሆኖ፣ በዚያ መሠረት ላይ የተሠራ ነው። ዲቪ የሚደርሰው ሰው ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ወይም በሙያ ሥራ ልምድ ያለው መሆን እንዳለበትም አንርሳ፤ ተመርጦ የሄደን ሰው፣ ሳይመረጥ በግድ ተጭኖ ከተወሰደ ሕዝብ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም።

የተጫወትሁበት ጠረጴዛ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። የቁማር ከተማ በሆነችው በላስ ቬጋስ እስከ እ.ኤ.አ. 1960 ድረስ በዋናው ጎዳና ባሉት የቁማር ቤቶች ጥቁር ሰው ተቀምጦ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። እንደ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ያሉ ዝነኛ ዘፋኞች እንኳ ለዓመታት መድረክ ላይ ዘፍነው ሲጨርሱ በሆቴሉ እንዲያድሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። በር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1960 የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ሰልፍ እንወጣለን ብለው ባስገደዱት ስምምነት ነው። እኔ ፓስፖርቴን አሳይቼ ስቀመጥ ማንም ያልከለከለኝ ከዚያ የተነሣ ነው። ወደ ኋላም ብንሄድ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መርቷል፤ ዶክተር መላኩ በያንም እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ከጎናቸው የቆሙት በኢኮኖሚ ቀውስ የተጎዱ፣ የከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር የሆነችው የሐርለም ሰዎች ነበሩ። ለእኛ ካላቸው ላይ ቆርሰው ሰጥተዋል።

ስለ ምርጫ ዘገባችሁም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 ባራክ ኦባማ ሲመረጥ በከተማችን የነበረውን ደስታ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በጋዜጦችም የዘር ጥያቄ አበቃ ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንድ ትልቅ ጨዋታ ማሸነፍ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን የገንዘብ ልዩነት አይለውጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ሲያሸንፉ ትንበያ ሰጪዎች ሁሉ ዋሹ ተባለ፤ ከታወቁት ትንበያዎች አንዱ ግን 29 በመቶ ያህል ዕድል ሰጥቷቸው ነበር። ከመቶ 29 ጊዜ የሚሆን ነገር በፖከር ቤት በየምሽቱ የሚሆን ነገር ነው። ከአሸናፊው ማንነት ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የጨዋታው ደንብ ነው፤ ሂላሪ ክሊንተን በመላ አገሪቱ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ብልጫ ያለው ድምፅ አግኝተው የተሸነፉት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየግዛቱ ወኪል መራጮች ስለሆኑና በአብዛኞቹ ግዛቶች ያሸነፈው ዕጩ የግዛቱን ወኪሎች ሁሉ ስለሚወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ውሳኔም፣ ጥቁሮችን ከምርጫ በማግለል ታሪክ የነበራቸው ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራል መንግሥቱን ፈቃድ እንዲጠይቁ ያስገድድ የነበረው አሠራር ቀርቷል። ይህ ውሳኔ ከማንኛውም የዕጩዎች ክርክር ይልቅ ሰፊ ዘገባ የሚገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው የአሜሪካ ምርጫ ዘገባችሁ ማን አሸነፈ ከሚለው ጎን ለጎን፣ በየግዛቱ ለመምረጥ ምን እንደሚጠየቅ፣ የቤትና የብድር ሁኔታውም ምን እንደሚመስል ቦታ ስጡት። ሁለተኛ፣ ስለ ዘር ጥላቻ አምድ ስታዘጋጁ የዋሽንግተንን ተንታኞች ብቻ አትጠይቁ፤ ዘጋቢ ወደ ጎንደር ልካችሁ እዚህ የቀሩትን የቤተ እስራኤል ተወላጆች፣ ርስት ስለማጣትና በዓይን ስለመፈራት የሚያስታውሱትን ይናገሩ። ዘጋቢያችሁ ከመጣ ወደ ወለቃ አብሬው ለመሄድና ከማውቃቸው አዛውንቶች ጋር ለማገናኘት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ አንባቢ
ጎንደር